ድልድይ ላይ ሠርቻለሁ

እኔ አልዋሸሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሃያ አምስት ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚህች ነውና። ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው እሑድ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ እትዬ ዘሪቱ «አገር ቤት ሥራህ ምን ነበር?» አሉኝ።

«መሐንዲስ ነበርኩ» አልኩ።

«ምን ላይ?»

«ድልድይ ላይ።»

በወታደር ቤት መሐንዲስ ማለት ፈንጂ የሚቀብር፣ ድልድይ በድማሚት የሚያፈርስ ነው። እሳቸው የወታደር ቤት ቋንቋ ከየት ያውቃሉ? እኔም አላስረዳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ዱሬሳ ሆንኩ። ካፒቶል ሂል ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ስቀበልና ስመልስ የሚያዩኝ ምእመናን «ይህን የመሰለ ባለሙያ! አሜሪካ እኮ ሰው ታባክናለች» ይላሉ። አንገቴን ደፍቼ ሐዘናቸውን እቀበላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ሥጋ ለበሰ።

ይባስ ብላ ልጄ ናርዶስ የአባቴ ሙያ ነው ብላ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማረች። ዘንድሮ ተመረቀች። ቤተ ክርስቲያኗ ተመራቂዎችን በምታከብርበት እሑድ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ደቂቃ እንዲናገሩ ተባለ። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ናርዶስ ላፕቶፗን ይዛ ኩሽና ተቀመጠች። ድልድዩ ያለበትን ወንዝ ስም ልጅ ሆና አንድ ቀን አምልጦኝ ነግሬያት ነበር። በሳተላይት ካርታ ፈልጋ አግኝታዋለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቡናማ ውሃ፣ ግራና ቀኝ የተጎመደ ኮንክሪት፣ መሀሉ ባዶ።

«ዳድ፣ ድልድይህን ማነው ያፈረሰብህ?» አለች። ተቆጥታለች። ለእኔ ብላ ነው የተቆጣችው።

«ጠላት» አልኩ።

እስከዚያች ቀን ሰዉ ራሱ ተሳሳተ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ እል ነበር። ይቺኛዋ ግን የጠራች ውሸት ናት፤ ያውም ለገዛ ልጄ።

ትእዛዝ ነበር ብል እንዴት በወደድኩ! በ1983 ግንቦት ላይ ስናፈገፍግ ትእዛዙ ሌላ ነበር። ቁስለኛ የጫኑ ሁለት መኪኖች ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ እነሱ ሳይሻገሩ ድልድዩ እንዳይነካ ተባልኩ። እኔ ምሽግ ውስጥ ማፈንጃውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከማዶ አቧራ አየሁ። ፈራሁ። ጠላት ደረሰ ብዬ አንገቴን ቀበርኩ፤ ትንሽ ቆይቼ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ፣ ተጫንኩት። አቧራው የመኪኖቹ ነበር። ድልድዩ መሀል ደርሰው ነበር። በሳምንቱ ሠራዊቱ ተበተነ፤ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እሑድ ናርዶስ መድረክ ላይ ቆማ ፎቶውን በትልቁ ስክሪን አሳየች። ሥራዬ የምትባለው እናቷ እንደ ስሟ እሑድም ሥራ ላይ ስለሆነች ፊት ወንበር ላይ ብቻዬን ነኝ። «ይህን ድልድይ አባቴ ሠራው፤ ጠላት አፈረሰው፤ እኔ መልሼ እሠራዋለሁ» ስትል ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፓስተሩ ጠሩኝ። ትከሻዬን ይዘው «ጌታ ሆይ፣ የባሪያህን የእጁን ሥራ ያፈረሱትን ይቅር በላቸው» ብለው ጸለዩ። ሁለት መቶ ሰው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ። የዚያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ጆሮዬ ነደደ፤ እንባዬ መጣ። ፓስተሩ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ይብስ አጥብቀው ያዙኝ።

ራሴን አመመኝ ብዬ ምሳ ሳንበላ ወጣን። ቤታችን ፌደራል ዌይ ነው። ወደዚያ በሚወስደው አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ናርዶስ እጄን ነካችኝ።

«ሶሪ ዳድ። ፎቶውን ማሳየት አልነበረብኝም። ሲፈርስ እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ሰው ነበረበት?»

አልነበረም ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

«ሁለት መኪና ቁስለኛ» አልኩ። «የገዛ ጓዶቼ። እኔ ነኝ ያፈነዳሁት፣ ናርዶስ። ፈርቼ። መሐንዲስ ማለት በወታደር ቤት አፍራሽ ማለት ነው። ድልድይ ሠርቼ አላውቅም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሶ፣ ድልድዩን ማነው የሠራው?» አለች።

«አላውቅም።»

«ጠይቀህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ተርን አራውንድ» አለች። «ሰዉ ገና ምሳ ላይ ነው።»

«ለምን ብለሽ?»

«አሜን ብለዋል እኮ፣ ዳድ። ያስባልኳቸው እኔ ነኝ።»

ተመለስኩ። መኪናውን አቁሜ ወረድን። አዳራሹ በር ላይ እትዬ ዘሪቱ ሳህን ይዘው ቆመዋል።

«ኢንጂነር! ምን ረሳችሁ?»

«እትዬ ዘሪቱ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «ወይ ትሕትና! ሰማችሁት? ይህን ሁሉ ሠርቶ አይደለሁም ይላል!» አሉና ሳህኑን እጄ ላይ አኖሩት። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ወንበር ሳበልኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ተናገርኩ፣ አላመኑኝም፣ በቃ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

ናርዶስ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ አልሳቀችም።

«የጀመርከውን ጨርሰው፣ ዳድ» አለች።

ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ቀና አልኩ።