የሙሽራዋ ዚፕ

ወረቀት ላይ ሙሽራ ማስኮብለል ቀላል ነው። አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ፣ እርሳስም አጥር አይፈራም። መስኮት ይሳላል፣ ከመስኮቱ ሥር ፈረስ ይሳላል፣ ፈረሱ ላይ አንድ ደረቱ የሰፋ ጎረምሳ ይጫናል፣ አለቀ። ልጅቷ በር ላይ የተኮለኮሉትን አክስቶች በየት በኩል አለፈቻቸው፣ ያ ሁሉ ጨርቅስ እንዴት ወለቀላት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እማማ መርፌ ግን ጠየቀች።

እማማ መርፌ ያሏት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት የሙሽራ ልብስ ስለሰፋሽ ነው ይሏታል ፊቷ ላይ፤ ዞር ስትል ግን ስለ ምላሷ ነው። ሁለቱንም ታውቃለች፣ በሁለቱም ትኮራለች። ፊደል አልቆጠረችም። ሀ እና ለ ሳያውቁኝ የስንቱን ምሁር ሴት ልጅ አስውቤ ዳርኩ ትላለች፣ እውነቷንም ነው።

የምትኖረው ከልጅ ልጇ ጋር፣ መንገድ ዳር ባለ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ቤት ነው። ልጅቷ ሥዓሊ ናት። በየሳምንቱ ለሚወጣ መጽሔት የድሮ ዘመን የፍቅር ታሪክ በሥዕል ትሠራለች፤ የነጋዴ ልጅ ለባለ ርስት ታጭታ ፈረስ ገሪ ስትወድ የሚያሳይ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሰዎቹ አፍ በሚወጡት አረፋዎች ውስጥ ንግግሩ ሳይጻፍ፣ ገጾቹን አያቷ ፊት ትዘረጋለች። አሮጊቷ ከሥዕሉ ብቻ ታሪኩን ትተርካለች። የተደናቀፈችበት ቦታ በላጲስ ይጠፋል። ፊደል የማያውቅ አንባቢ አይሸነግልም ትላለች ልጅቷ።

በዚህኛው ሐሙስ ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ቁጭ ብድግ ስትል ነው የዋለችው። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ የተቀረጸ እርሳስ መልሳ ትቀርጻለች። ምክንያት ነበራት። አንድ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ባለ ርስቱ እጅ ላይ የክንድ ሰዓት አይቶ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፈ። በሳምንቱ ደግሞ ጣሪያው ላይ አምፖል አይቶ ሌላ ጻፈ። አዘጋጁም ጠርቷት፣ ሦስተኛ ደብዳቤ ከመጣ ገጹን የወንጀል ታሪክ ለሚስለው ልጅ እሰጣለሁ ብሏታል። የሠርጉ ምዕራፍ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ያ ገጽ ከሄደ የልጅቷ አራት ዓመት አብሮ ሄደ ማለት ነው።

እማማ መርፌ መነጽሯን አጥልቃ ጀመረች። እዚህ ያለብሷታል። እዚህ ታለቅሳለች፣ ደግ። እዚህ ለብቻዋ ትተዋት ወጡ። እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ።

"ይሄ ጀርባዋ ላይ ያለው ምንድን ነው? የባቡር ሐዲድ?"

"ዚፕ ነው፣ እማማ።"

አሮጊቷ መነጽሯን አወለቀች። ዚፕ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኔ ሁለት ወልጄ ነበር አለች። የዚያን ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ የሚዘጋው ገላ ላይ ነው፤ በሠርጉ ጠዋት ሰፊዋ ከሙሽራዋ ጀርባ ትቆምና ከወገብ እስከ ማጅራት ትሰፋታለች። አመሻሹ ላይ የሙሽራው እናት በመቀስ ትቆርጠዋለች። ልብሱ የወንዱ ቤት ንብረት ነው፤ ዕቃቸውን እንደታሸገ ይረከባሉ። ታዲያ ይቺ ያንቺ ልጅ ቀሚሱን በምን አወለቀች? እንደ ሙዝ ልጣ?

ልጅቷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ስድስቱም ገጽ የቆመው በዚያ ዚፕ ላይ ነበር። ሙሽራዋ ነጩን ቀሚስ አውልቃ፣ የሠራተኛዋን ልብስ ለብሳ፣ በጓዳው በር ሳትታወቅ ነው የምትወጣው። በነጩ ከወጣች ገና ከደጁ ትያዛለች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው።

ከዚያ ቀና አለች። ያ የቤተሰቡ ወሬ ትዝ ብሏት ነው።

ወሬው እንዲህ ነው። እማማ መርፌ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ስትዳር፣ የሰፋቻት ሙያውን ያስተማረቻት ሴት ነበረች። ሴትዮዋን እትዬ ዝምታ ይሏታል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ የኖረች። እትዬ ዝምታ አዘነችላትና ክሩን ሳትቋጥር ሰፍታ፣ ጫፉን በትከሻዋ አሳልፋ እጇ ላይ አኖረችላት። ከሳብሽው ጀርባሽ እስከ ወገብ ይከፈታል፣ እንደ ልብሽ አለቻት። የያኔዋ ሙሽራ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ ሙሽራውን ብታየው ልቧ ቀለጠ፤ ክሩንም ጣለችው። አክስቶች ይህን በየሠርጉ እያወሩ ያለቅሳሉ። እማማ መርፌ በሕይወቷ ያለችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሩ በእጄ ነበር። ቀሪውን የሰፉት አክስቶቹ ናቸው።

"ክሩ!" አለች የልጅ ልጇ። "ሙሽራዋ ክሩን ትስባለች። አስተማሪውም አፉን ይይዛል። እማማ፣ ተነሽልኝ፣ እጅሽ እንዴት እንደሚስብ ልየው።"

አሮጊቷ ወገቤን ያመኛል አለች፣ ጉልበቴን አለች፣ ድስቱ ተጥዷል አለች። ድስት አልተጣደም። ልጅቷ ነጩን የድሮ መጋረጃ ከቁም ሳጥን አውጥታ ከቤት ቀሚሷ በላይ ጠቀለለችባትና ከኋላዋ ቆማ መስፋት ጀመረች።

እማማ መርፌ መጀመሪያ አፏ ሥራ ላይ ነበር። ይሄ ስፌት ነው የዶሮ ዱካ? መርፌ እንደ ማንኪያ ይያዛል? ስፌቱ ከወገቧ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ቃሏ እያነሰ መጣ። ጨርቁ ጎኖቿን እየጨበጠ፣ የልጅቷ ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ እያረፈ ሲሄድ እግሯ መቆም አልቻለም፤ አንዱን ታነሳለች፣ ሌላውን ትጥላለች። ቶሎ በይ አለች። አሁንም ቶሎ በይ አለች። ልጅቷ ክሩን በትከሻዋ አሳልፋ መዳፏ ውስጥ አኖረች፣ ፊት ለፊቷ ዞራ ዓይን ዓይኗን እያየች ፈገግ አለችላት፣ ከዚያ እርሳሷን ይዛ ተቀመጠች።

ሳቢው አለቻት።

አሮጊቷ ሳበች። ጨርቁ ጀርባዋ ላይ ተሸበሸበ እንጂ አልተከፈተም። ደግማ ሳበች። ከወገቧ እስከ አንገቷ እንደ ቡጢ ተጨማደደና ይዟት ቀረ። የዚያን ጊዜ ፊቷ የሰባ አምስት ዓመት ሴት ፊት መሆኑ ቀረ። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ጨርቁን ቧጨረችው፣ ወንበሩ ተገለበጠ።

"ቁረጪው" አለች በቀጭን ድምፅ። "ቁረጪው ብያለሁ።"

ልጅቷ በመቀስ ዘለዘለችው። ወገብ ላይ ስትደርስ አገኘችው፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ። ስፌቱን ስትጀምር፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሳታሳርፍ በፊት፣ የክሩን ጭራ ቋጥራዋለች። ሳታስበው ነው። ክር ሳይቋጠር ስፌት አይጀመርም ብላ በሰባት ዓመቷ እጇን እየመታች ያስተማረቻት ይህችው አያቷ ናት።

ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ቀደመቻት።

"እኔም ስቤው ነበር።"

የተቀደደውን መጋረጃ እንደ ለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረቻት። የምን መጋረጃ፣ የምን ቀዳዳ፣ የምን የቀለጠ ልብ። ሰውዬውን ከዚያ በፊት አላየችውም፤ በኋላ እንዳየችው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ለመጥላት ይመቻል። አክስቶች ከበሩ ውጭ ስጦታ ሲያማርጡ እሷ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳበችው። ተሸብሽቦ ያዛት። አመሻሹ ላይ አማቷ ስትቆርጠው፣ እንዲህ የተጨማደደ ስፌት አይቼ አላውቅም፣ ሰፊያችሁ ዕውር ናት እንዴ ብላ ሳቀች። ከሠርጉ በኋላ ከእትዬ ዝምታ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሰፉ። አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። እጅሽ ለምዶ ነው ወይስ ልብሽ ፈርቶ ነው የቋጠርሽው? ጥያቄው ሆዷ ውስጥ እንደ ተረሳ መርፌ ሲዞር ኖረ። ሴትዮዋ ሞተች፣ መልሱንም ይዛው ሄደች።

"አንቺ ልታስሪኝ ፈልገሽ ነበር?" አለች ድንገት።

"እማማ! እንዴት እንዲህ ትያለሽ?"

እንግዲያው እጅ ነው አለች። ብድግ አለች። ተቀመጠች። መልሳ ብድግ አለች። ግን አንቺ ክሩን ስትሰጪኝ ዓይኔን አይተሽኛል፣ እሷ መሬት መሬት ነበር የምታየው አለች።

ሰዓቱ ሰባት አለፈ። ልጅቷ ባዶው ወረቀት ላይ አፍጥጣ፣ እንግዲህ ክሩ ተሳበላት ብዬ አልዋሽም፣ ቋጠሮው ካልተፈታ ሙሽራዬም ልትቀር ነው አለች፤ አንባቢ ይገድለኛል።

"ከነልብሷ ትውጣ" አለች አሮጊቷ።

ልጅቷ ሳቀች። በጠራራ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ነጭ እየጎተተች? አገር ያያታል። ይያት አለች አያቷ። ልብሱ እኮ የነሱ ነው፣ ሌባ ይሏታል። ይበሏት፣ ልብሱን በማግስቱ ትላክላቸው።

"የተሰፋው ጀርባዋ ነው። እግሯን ማን ሰፋው?"

ይህን ብላ ቀጥ አለች። የገዛ ቃሏን ከሌላ ሰው አፍ የሰማችው ይመስል። በሠርጓ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ አንገቷ ላይ ያበጠውን ስፌት እየነካካች ቁማ፣ በሩን አይታው ነበር። ቁልፍ አልነበረበትም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የወቀሰችው ክሩን ነው።

ከጠረጴዛው ወደ በሩ ተራመደች፣ ተመለሰች። መጋረጃው ወለሉን እየጠረገ ተከተላት። ልጅቷ እርሳሷን አነሳች፤ ድገሚው እማማ፣ ጫፉ ሲጎተት ደስ ይላል አለች። አሮጊቷ ደገመችው። በሦስተኛው በሩ ጋ ስትደርስ አልተመለሰችም። ደረጃውን ስትወርድ የጨርቁ ኮሽታ ተሰማ። ልጅቷ ሰሌዳዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ታች፣ መንገዱ መሀል፣ እማማ መርፌ ጀርባው እስከ ወገብ የተዘለዘለ ነጭ መጋረጃ እየጎተተች ትሄዳለች። አንድ ታክሲ ቆሞ አሳለፋት። ፀጉር ቤት ያሉ ሴቶች ፀጉራቸው እንደተጠቀለለ ወጡ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ተንጠራርቶ፣ እማማ መርፌ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማን አገባሽ፣ ወዴት ነው ጉዞው ብሎ ቀለደባት።

"ገና አላወቅኩም" አለችው ሳትቆም። "መጀመሪያ ልውጣ።"

ልጅቷ ፎቅ ላይ ሆና ሳላ አልጠግብ አለች። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገጾቹን አስረከበች። የሙሽራዋ ፊት የአሥራ ሰባት ዓመት ነው፤ ቀሚሱን ሰብስባ የያዘችበት እጅ ግን፣ ለሚያስተውል፣ የአሮጊት እጅ ነው።

ሦስተኛው ደብዳቤ መምጣቱ አልቀረም። አዘጋጁ ራሱ በስልክ አነበበላት፣ ልጅቷም እየሰማች ቃል በቃል ለአያቷ አስተላለፈች። አስተማሪው የጀርባው ስፌት ልክ መሆኑን፣ የገዛ እናቱም እንዲያ መዳሯን መስክሯል። ነገር ግን፣ ይላል፣ ሙሽራ የሠርግ ልብሷን እንደ ለበሰች በቀን በአደባባይ ወጥታ ስለ መሄዷ በየትኛውም መዝገብ አላገኘሁም። አዘጋጁ እየሳቀ ነበር፤ መጽሔቱ ሰኞ ሳይደርስ ተሽጦ አልቆ ነበርና ገጹ ያንቺው ነው አላት።

"አያገኝማ" አለች እማማ መርፌ። "ብትወጣስ ማን ይጽፍላት ነበር?"

ከዚያ መጽሔቱን ከልጅቷ እጅ ነጥቃ፣ ሙሽራዋ በበሩ የምትወጣበትን ገጽ ፈልጋ፣ እንደ ዘወትሯ ከሥዕሉ ብቻ ማንበብ ጀመረች።