አንደኛ ላይ ያለው ፍሪዘር

መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር ከአፉ ያልጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። የጎረቤት ልጅ ካርዱን ይዞ እየሮጠ መጥቶ "ጋሼ፣ አራተኛ ወጣሁ" ሲለው፣ እንኳን ደስ አለህ ከማለቱ በፊት "ከስንት?" ይላል። ለእሱ በዚህ ዓለም ላይ ደረጃ የሌለው ነገር የለም፤ የደረጃ ሁሉ ቁንጮ ደግሞ አንደኛ ነው። ይህ እምነቱ ጥቂት ልጆችን ከማስለቀስ በቀር እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ያደረሰው ጉዳት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ለስድስት ቀን የሥራ ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። የአምስት ወር ልጃቸውን የተወችው ለራሷ እናትና ለእሱ ነው። ልጅቷ፣ መምህሩ በአርባ አምስት ዓመቱ ያገኛት የመጀመሪያ ልጁ፣ የቆርቆሮ ወተት ገና ሲሸታት ፊቷን የምታዞር ኩሩ ናት። ስለዚህ እናቷ ሁለት ወር ሙሉ የጡቷን ወተት እያለበች በትንንሽ ባለክዳን ዕቃዎች አጠራቅማለች። ሠላሳ ስድስት ዕቃ፣ በየክዳኑ ላይ ቀን ተጽፎበት፣ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ከፍሪዘሩ የታችኛው መሳቢያ ገባ። በሩ ላይ ቆማ፣ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ እንደማይቀዘቅዝ፣ መድፋት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። "አደራህን" አለችው።

አደራ ተቀብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የመምህሩ ጠባይ አይደለም። ታክሲዋ ከአጥሩ ሳትወጣ ፍሪዘሩን ከፈተ። የቅዝቃዜው ማዞሪያ አምስት ላይ ነው። አምስተኛ የሚወጣ ተማሪ ክፉ አይባልም፤ ግን የልጁን ምግብ ለአምስተኛ ማን ይሰጣል? አንድ ላይ አደረገው። ከዚያ ማንም እንዳይነካካበት እንደ ፈተና ፖስታ በፕላስተር አሸገው።

አማቱ ልጅቷን ታቅፈው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። "ልጄ፣ እሱ ነገር ወደዚያ ነው የሚዞረው?" ብለው ጠየቁት።

"እማማ፣ ሐሳብ አይግባዎት። አንደኛ ላይ ነው" አላቸው።

እሁድ ጠዋት ከፍሪዘሩ ሥር ውሃ ተኝቶ አገኘ። የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው ሥጋ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የልጅቷን ወተት የሚያወጡት አማቱ ናቸው፤ እሱ ግን የታችኛውን መሳቢያ ለመክፈት ድፍረት አጣ። ፈራ። ሁለት ወር ሙሉ ያን ሁሉ ወተት ያጠራቀመችው ሚስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለች፤ ደግሞም ያች ኩሩ ልጅ በረሃብ ስታለቅስ ጆሮው ሰማ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። መምህሩ ግን ተምሬ ጨርሻለሁ ብሎ ስለሚያስብ በቀጥታ ወደ መጠምጠሙ ገባ። ወረቀት አወጣና ፍሪዘሩን ይፈትን ጀመር። ሶኬቱ ላይ የጠረጴዛ መብራት ሰካ፤ በራ፤ ዐሥር ከዐሥር ሰጠው። የበሩን ጎማ ለመፈተን ገና ካላረማቸው የፈተና ወረቀቶች አንዱን በሩ ላይ አጣብቆ ዘጋና ጎተተው። ጎማው ጥብቅ ነው፤ አለፈ። የወረቀቱ ባለቤት ግን ግማሽ ስሙ እዚያው ቀረ። ፍሪዘሩን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀና ጀርባው ላይ ካለው ሽቦ የሦስት ዓመት አቧራ በቀለም ብሩሽ አራገፈ፤ አቧራው በሙሉ ፀጉሩ ላይ አረፈ። ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማወቅ አናቱ ላይ በብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ፤ ውሃው ወደ ግራ አዘነበለ፤ ከእግሩ ሥር ራሱ የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ሸጎጠ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ለውጥ አለ ወይ ብሎ በሩን ይከፍታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንቴ ከፈተው።

አማቱ አንዴ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ ተዘግቶ ቢቆይስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ክትትል እያደረገ መሆኑን አስረዳቸው። ፈትሾ ያልደረሰበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም በፕላስተር የታሸገው ነው። አንደኛ የወጣን ማን ይፈትናል?

ጥፋቱ የመብራት ኃይሉ ነው ብሎ ስለ ደመደመ፣ ከሰዓት በፊት ወጥቶ ስታቢላይዘር ገዝቶ መጣ። ሰካው። አዲሱ ዕቃ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ተቀመጠ፤ ውሃውም እንደ ድሮው ይንጠባጠብ ቀጠለ። መምህሩ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲወቅጥ ዋለ፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በጨርቅ ወለወለ።

ምሽት ላይ ሚስቱ ደወለች። ስለ ልጅቷ እንቅልፍ ጠየቀች፣ ስለ እናቷ ጉልበት ጠየቀች፣ በመጨረሻ ወተቱ እንዴት ነው አለች።

"ድንጋይ ነው" አላት።

ስልኩን ሲዘጋ ላብ አጥምቆታል። ሲኮርጅ የያዘውን ተማሪ ሁሉ "ዓይኔን እያየህ ትዋሻለህ?" ይል የነበረ ሰው ነው። ጥሩነቱ በስልክ ዓይን አይታይም። ሰኞ ማታም ጠየቀችው፤ ሰኞ ማታም ድንጋይ ነው አላት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሃው ከወጥ ቤት አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። አማቱ ልጅቷን በረንዳ ላይ ያናፍሷታል። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ልጁን መግደል መሰለው። አንድ ፎቅ ወደ ላይ የምትኖረው ነርስ ትልቅ ፍሪዘር እንዳላት ትዝ አለው። መሳቢያውን ስቦ ጥቁሩን ፌስታል አነሣ፤ እንዳይሞቅ ሳይፈታ፣ ሳያይ፣ በሁለት ፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቀፈና ደረጃውን በሩጫ ተያያዘው። አንድ እግር ነጠላ ጫማው መታጠፊያው ላይ ቀረ።

ነርሷ በሩን ስትከፍት ትንፋሽ አጥሮት "እህቴ፣ የልጄ ነፍስ ነው፤ ቦታ ስጪኝ" አላት።

እሷም ፎጣውን አየች፣ ባዶ እግሩን አየች፣ ወደ ውስጥ ወስዳ ፍሪዘሯን ከፈተችለት። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሚስቱ የእጅ ጽሑፍ ቀን የተጻፈባቸው ዕቃዎች በሰልፍ ተደርድረዋል። አንዱን ነካው። ድንጋይ ነው፤ የእውነት ድንጋይ። ፎጣውን ፈታ። ውስጡ ተከትፎ የለሰለሰ ዱባ ነው።

እሁድ ዕለት፣ አንተ ገበያ ስትወጣ እማማ ገና ሳይቀልጥ አምጥተውት ነው አለችው። በየቀኑም እየመጡ የልጅቷን ይወስዳሉ። የመምህሩ ዓይን የነርሷ ፍሪዘር ማዞሪያ ላይ አረፈ፤ አምስት ላይ ነው።

"አንደኛ ላይ አታደርጊውም?" አላት።

"አንድ ላይማ ካደረግሁት ያቀልጥብኛል። ቁጥሩ ሲጨምር ነው ቅዝቃዜው የሚጨምረው" አለችው፤ ለሕመምተኛ በምትናገርበት ድምፅ።

ደረጃው ላይ ዱባውን ታቅፎ ተቀመጠ። እንባው መጣ፤ ከደስታ ይሁን ከሐፍረት ለመለየት አልሞከረም። ልጁ አልተራበችም። የቀረው የራሱ መዋረድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው አለ ለራሱ። ጫማውን ለቅሞ ወረደ።

አማቱን ለምን እንዳልነገሩት ጠየቃቸው። "ጠይቄህ ነበር እኮ፤ አንተ ፕላስተር ለጠፍክ" አሉት። ከዚያ፣ መሳቢያውን ባዶ ቢያየው ልቡ ይቆማል ብለው ዱባ እንደተኩበት ጨመሩለት። ፕላስተሩን ላጠና ማዞሪያውን አምስት ላይ መለሰ።

በዚያ ምሽት ሚስቱ ሳትደውል ቀድሞ ደወለላት። ሳታቋርጠው ሁሉንም ነገራት፤ ማዞሪያውን፣ የተቀደደውን ፈተና፣ ስታቢላይዘሩን፣ ሁለቱንም ውሸት፣ ዱባውንም አልደበቀም። ሲጨርስ ሳቋ መጣ፤ ለረጅም ጊዜ የታፈነ ሳቅ ነበር።

"እማዬ እሁድ ነግራኛለች። እንዳትነግሪው ያልኳትም እኔ ነኝ" አለችው።

"ታዲያ በየቀኑ ወተቱ እንዴት ነው የምትይኝ ለምንድን ነው?"

"የጠየቅሁህ ስለ ወተቱ አይደለም። መቼ እውነቱን እንደምትነግረኝ ነው። እማዬ እሁድ ነገረችኝ፣ ነርሷ ሰኞ ነገረችኝ፣ አንተ ማክሰኞ። ሦስተኛ ወጣህ።"

አፉ የለመደውን ሳያስብ አወጣው።

"ከስንት?"

"ከሦስት" አለችው።