የዘይና የማር ድንጋይ

አንጥረኛው ኑርሁሴን ጥፋቱን ያወቀው ጭቃውን ሲያራግፍ ነው። የተሰነጠቀ ቀለበት ሲበይድ ድንጋዩን አይነቅልም፤ እርጥብ ጭቃ ለብጦ ፍም ላይ ያደርገዋል። ከሚሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። የሰው የዓቂቅ ድንጋይ ሁሉ እሳቱን ችሎለታል። የዘይና ድንጋይ ግን ማር መስሎ ገብቶ ውሃ መስሎ ወጣ።

ቀለበቱ የባሏ የሙሳ ነው። ሙሳ ባሕር ሊሻገር ሲሄድ ትቶላት ከወጣ አራት ዓመት ሆነው፤ ወሬው የለም።

«አማና ነው ኑርሁሴን፣ አደራ» ብላው ነበር ዘይና። «ሲመጣ እጁ ላይ የማጠልቅለት እኔ ነኝ።»

ኑርሁሴን ደሴ ላለው የድንጋይ ነጋዴ፣ ለጌዲዮን ደወለ።

«ዚርኮን ነው» አለው ጌዲዮን። «እሳት ቀለሙን ይለውጠዋል። ሰው ሰማያዊ ይሁንልኝ ብሎ ሆን ብሎ ያቃጥለዋል፣ አንተ በነጻ አነጣኸው።»

«ይመለሳል?»

«አንዳንዱ ፀሐይ ሲመታው ይመለሳል። ያንተን እንጃ።»

ሦስት ቀን ቆርቆሮ ጣራው ላይ አሰጣው። በየሰዓቱ መሰላል ወጥቶ አየው። አልተመለሰም። በአራተኛው ቀን ሰንበቴ ገበያ ወርዶ የማር ቀለም ያለው መስተዋት ገዛ፤ በልኩ ሞርዶ ቀለበቱ ላይ ሰካው። ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው ገባለት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዘይና መጣች። ጎረቤቷ ረቢአ የተበጠሰ የብር ድሪዋን ልታስጠግን ይዛ ተከትላታለች።

«አካም ቡልተ፣ ኑርሁሴን» ብላ ዘይና ሰላም አለችው።

«አልሐምዱሊላህ። ይኸው።»

ዘይና ቀለበቱን ወደ ብርሃን አንስታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሙሳ ወደ ውስጥ እዪ ይለኝ ነበር። የድንጋዩ የታችኛው ጠርዝ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ እኔ ነኝ አንዱ አንቺ ነሽ እያለ ያሾፍብኛል። የዚህ አንድ ነው።»

ኑርሁሴን ከደረት ኪሱ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ።

«ወላሂ ያንቺ ይኼ ነው። እሳቴ ነው ያነጣው።»

ነጩን ድንጋይ ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች። ጠርዙ ሁለት ነበር።

«እሱ ነው» አለች ዝግ ብላ። «ይኼን አስቀድመህ ብትሰጠኝ መሐላህን አምን ነበር።»

ድንጋዩን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረች። «ውሸት የተሰካበትን ለሙሳ አላጠልቅለትም» ብላ ባለ መስተዋቱን ቀለበት መቀጥቀጫ መስፉ ላይ ትታ ወጣች።

ረቢአ ድሪዋን ወደ ዘንቢሏ መለሰች።

«እኔ እንኳ ነገ እመጣለሁ» አለች፣ ዓይኑን ሳታየው።

ኑርሁሴን ፍሙ ላይ ውሃ ደፋበት።