የሲስተር እናት ወደቀች

"አላየሽም! ምንም አላየሽም፣ ሰማሽ?" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ገና ከወለሉ ሳትነሳ።

አንድ እጇ የጉልኮሱን ማንጠልጠያ እንደ ጨበጠ ነው። አንዱ ነጠላ ጫማዋ አልጋው ስር ገብቷል፣ ሌላው ተገልብጦ ወዲያ ወድቋል። አጠገቧ ባለው አልጋ የተኛችው ልብስ ሰፊ፣ እግሯ በጀሶ ታሽጎ ወደ ላይ የተሰቀለባት፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

"ምኑን ነው የማላየው? እንደ ዱቄት ጆንያ ዘጭ ስትዪ የእኔም አልጋ ነው የተነቃነቀው!"

"ቀስ በይ፣ ልጄ ትሰማሻለች።"

"ትስማ እንጂ! ቆይ ደወሉን ልጫንልሽ።"

"ደወሉን ከነካሽ እኔና አንቺ ተቀያይመናል!"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰበሰበች። ጋጋሪዋም የአልጋውን ብረት ይዛ፣ የፈጣሪን ስም እየጠራች ተንጠላጥላ ተነሳች። ሐሞቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ገና ብዙም አልሰነበተ፤ ስፌቱ ቆነጠጣት። እንደ ምንም አልጋው ላይ ወጣችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። መጀመሪያ ያስነሳት ሽንት እንኳ ከድንጋጤው ብዛት ጠፍቶባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው ዳቦ ጋግራ ነው። ወንዱ ሾፌር ሆነ። ሴቷ ነርስ ሆነች፤ ነርስ ብቻም አይደለች፣ አሁን እናቷ የተኛችበት ክፍል ኃላፊ ናት። ጋጋሪዋ ታማ ስትገባ በስሟ የጠራት የለም። ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዶክተሩ "የሲስተር እናት" ነው የሚሏት። እሷም እንዲህ ሲሏት ሕመሟ ቀለል ይላታል።

ደግሞ ሰሌዳው አለ። ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ፣ ማንም ሰው ሳያየው በማያልፍበት ቦታ፣ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቤቱ ጉዱንም ደጉንም አደባባይ የሚያወጣበት ነው። የወደቀ ሕመምተኛ ካለ፣ ስፌቱ ያመረቀዘበት ካለ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት የተሰጠው ካለ፣ በየክፍሉ ይወጣል። ምንም ያልደረሰበት ክፍል አረንጓዴ ወረቀት ይለጠፍለታል፣ የደረሰበት ቀይ። ይኸው ወሬ ለሌሎች ሆስፒታሎችም ይላካል፤ እነሱም የራሳቸውን ይልካሉ፣ አንዱ ካንዱ እንዲማር። በመውደቅ ረገድ የልጇ ክፍል አረንጓዴ እንደሆነ ከርሟል። ጋጋሪዋ የገባች ቀን፣ ሆዷን ይዛ እያቃሰተች፣ ሾፌሩን ልጇን ሰሌዳው ፊት አስቁማ አስነብባዋለች። "እስቲ ድገመው" ብላ እንደገና አስነብባዋለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሌሎች ሆስፒታሎች እንግዶች ይመጣሉ፤ ይህ ክፍል ሰው ሳይወድቅበት እንዴት እንደከረመ ሊያዩ። ታዲያ በዚህ ቀን የምትወድቀው የሲስተር እናት ትሁን?

"አምላኬ፣ ለሷ ስትል ሸፍነው" አለች ጋጋሪዋ በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። ፈጣሪን እንዲህ ያለ ነገር ደብቅልኝ ብላ ለምና አታውቅም።

ልጇ ገባች። ነጭ ጋዋኗ ተተኩሷል፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል። ከበሩ ጀምራ አልጋ አልጋውን እያየች መጣችና እናቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗ ጉልኮሱ ላይ ነው። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ደም ወደ ላይ ተመልሷል።

"ይሄ ደም ለምን ተመለሰ?"

"እኔ ምኑን አውቄ? አንቺ አይደለሽ የተማርሽው!"

"ነጠላ ጫማሽስ አልጋ ስር ምን ይሠራል?"

"ምን ይሠራል? ተኝቷላ! ሁላችንም እንደተኛን።"

ልጅቷ አልሳቀችም። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። "እርስዎስ ምን አዩ?"

"እኔ? እኔ ጣራ ነው የማየው። ከገባሁ ጀምሮ ጣራ ብቻ። ከፈለግሽ ስንጥቁ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ልንገርሽ።"

ያኔ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የእናቷን እጅ ያዘች።

"እማማ፣ ወድቀዋል?"

ጋጋሪዋ ክው አለች። ቤት ውስጥ ስትቆጣትም ስትስቅባትም "አንቺ" ናት። አሁን ግን እንደ ማንኛዋም ሕመምተኛ "እርስዎ" አለቻት። ለካ ልጇ ሥራ ላይ ናት። የወለደቻት ልጅ ሳትሆን ሲስተሯ ናት የጠየቀቻት። ሲስተሯን ደግሞ መዋሸት አቃታት።

"ትንሽ አዳለጠኝ" አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

"ጭንቅላትዎን ተመቱ?"

"ጎኔን ነው። ጭንቅላቴማ ደህና ነው፣ እንዲህ ሲቀጥፍ አላየሽውም?"

ወዲያው ዶክተሩ ተጠራ። ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ጎኗን ዳሰሰ፣ ስፌቷን ገልጦ ተመለከተ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። "እግዜር አትርፎዎታል፣ የሲስተር እናት" አላት። ለማንኛውም ራጅ ትነሳ ብሎ አዘዘ። ከዚያ ልጅቷ ከኪሷ ቀይ ወረቀት ስታወጣ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሲስተር፣ እሱን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብትለጥፊውስ? ነገም ቀን ነው።"

"ዛሬ ነው የወደቁት፣ ዶክተር።"

"እንደብቀው አላልኩም። እነዚህ ሰዎች ስንት መንገድ መጥተው ቀይ ይዩ? ነርሶቹ ስንት ለፍተዋል።"

"ዶክተሩን ስሚው!" አለች ጋጋሪዋ። "ደግሞስ እኔ የናንተ ሰው ነኝ፣ እንደ ሌላ ሕመምተኛ ልቆጠር ነው? እናት ልጇ ቤት ብትወድቅ ለጎረቤት ይነገራል?"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። አሁን "እርስዎ"ው ቀረ።

"እማዬ፣ የተቃጠለ ዳቦ ከስር አድርጌ የደበቅኩ ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?"

ጋጋሪዋ ዓይኗን ከቀዩ ወረቀት አነሳች።

ትዝ አላት። ልጅቷ ትንሽ ነበረች፣ ከባንኮኒው ብዙም አትረዝም። የተቃጠሉትን ዳቦዎች ሰብስባ ከትሪው ስር አደረገች፣ ያማሩትን ከላይ። እናቷ ይህን አይታ አልመታቻትም። የተቃጠሉትን አንድ ባንድ አወጣችና ከላይ ደረደረቻቸው። "የተቃጠለ ዳቦ አያሳፍርም" አለቻት። "ምድጃው የት ጋ እንደሚያቃጥል የሚነግርሽ እሱ ነው። ከደበቅሽው ነገም እዚያው ጋ ያቃጥላል።"

"አስታውሰሻል" አለች ጋጋሪዋ በለሆሳስ።

"በሱ ነው ያሳደግሽኝ።"

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ለጥፊው" አለ። "እንግዶቹን አብሬሽ እቀበላለሁ።"

ልጅቷ ቀዩን ወረቀት ይዛ ወጣች። ጫማዋ በኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ጋጋሪዋ ሰማችው፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ልብስ ሰፊዋ ከትራሷ ቀና አለች።

"እቴ፣ ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሻት?"

"የተቃጠለውን" አለች ጋጋሪዋ። "ያማረውንማ እንሸጠው ነበር።" እንባዋ መጣና በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረገችው። ሳቋም አብሮ መጣ።

ራጁም ደህና ሆነ፣ ስሙ ይክበር። ወደ አልጋዋ ስትመለስ እንግዶቹ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ነበር፣ ሁሉም ነጭ ጋዋን የለበሱ። ከፊት የቆሙት ፀጉራቸው የሸበተ ሲስተር ናቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ" አለች ልጅቷ። "ስትገቡ ያያችሁት ቀይ የኛ ነው። ዛሬ ሰው ወድቆብናል።"

ሽበታሟ ሲስተር መነጽራቸውን አደረጉ። "ለምን ወደቁ?"

"ወለሉ ደረቅ ነበር፣ ደወሉም ይሠራል። ምክንያቱን ገና አላገኘነውም።"

"እኔን ጠይቁኛ!" አለ ድምፅ ከአልጋው።

ሁሉም ዞሩ። ጋጋሪዋ ትራሷን ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

"የወደቅኩት እኔ ነኝ። የሲስተር እናት። ደወሉ ጆሮዬ ስር ነው፣ ያልደወልኩት አፍሬ ነው። እነዚህ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላሉም፣ አሳዘኑኝ። ለሽንት ብዬ ላሯሩጣቸው? ደግሞ ልጄ ኃላፊ ሆና እኔ እዚህ እንደ እመቤት ደወል ስጫን ሰው ምን ይለኛል? ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። እንዲህ ነው የወደቅኩት። ሌላ ምክንያት የለውም።"

ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ቀስ ብላ ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ዞረች።

"እናንተስ? እንዳናስቸግራቸው ብላችሁ ደወል የተዋችሁ አላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።"

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። "እኔ እግሬ ታስሮ ነው እንጂ አንድ ቀን አላስቸግራችሁም ነበር" አለች። በመስኮቱ በኩል የተኛችው አስተማሪ እጇን አነሳች። ከዚያ ማዶ ያሉት አሮጊት፣ ከዚያ ሌላዋ። ጥቂት ቆይቶ ያልተነሳ እጅ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

"አምላኬ!" አለች ልጅቷ። "እኛ እኮ ደወል ካልተደወለ ሁሉም ደህና ነው ብለን ነበር የምናስበው።" ወደ ነርሶቿ ዞረች። "ከዛሬ ጀምሮ ደወል አንጠብቅም። በየተራ እየዞርን እኛው እንጠይቃለን። ሽንት ቤት የሚሄድ አለ ወይ ብለን።"

ሽበታሟ ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። "እኛ ጋ ማንም ወድቆ አያውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ሰሌዳችን ሁሌም አረንጓዴ ነው።" ወደ ጋጋሪዋ አልጋ መጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ስመለስ ሕመምተኞቼን ይህንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ እህቴ። የሚመልሱልኝን እንጃ።"

በጠያቂ ሰዓት ሾፌሩ ልጇ ብርቱካን ይዞ እየተጣደፈ ገባ።

"እማዬ! ሰሌዳው እኮ ቀልቷል! ማን ነው የእህቴን ስም ያስጠፋው?"

"ስም አልጠፋም። ቀዩ የኔ ነው" አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። "ስትወጣ ደግመህ አንብበው። አረንጓዴውንማ ማንም ይለጥፈዋል።"

"የምን ያንቺ? ወደቅሽ እንዴ?"

"ዘጭ ብላ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አሁን ለመናገር ተፈቅዶልኛል።"

ጠያቂዎች ወጡ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ላይ እየሸሸ ሄደ፣ ክፍሉም ረጭ አለ። ጋጋሪዋ ብርቱካኑን ለልብስ ሰፊዋ አካፍላ፣ ማታ ማታ የምታደርሰውን ጸሎት አደረሰች። ዛሬ ልመናው አጠረ፣ ምስጋናው በዛ።

አሜን ስትል ሽንቷ መጣ።

ነርሶቹ ከጥቂት ጊዜ በፊት ዞረው ጠይቀዋት፣ "ደህና ነኝ" ብላቸዋለች። ኮሪደሩ ላይ አንዷ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች በጥድፊያ አለፈች። አሳዘነቻት። ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው፣ በሩ ከዚህ ይታያል። ሳይታወቃት እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነጠላ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ጣራ ጣራውን እያየች፣ "እኔ ምንም አላየሁም" አለች።

ጋጋሪዋ ሳቀች። እግሯን መልሳ አልጋው ውስጥ ከተተችና ደወሉን ተጫነችው፤ ረጅም አድርጋ፣ ልጇ እስክትሰማው ድረስ።