ወፍጮው የመረጠልን ፓወር ሰፕላይ

በ1981 ዓ.ም. ሮቤ ከተማ፣ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሮው አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። ችግሩ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤታችን የአዴ ሞሚና ወፍጮ ነው። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ የጻፍኩት ሁሉ ገደል ይገባል። ቢያንገበግበኝ ለቀበሌው ማኅበር የክስ ደብዳቤ ልጽፍባቸው ተቀመጥኩ። ወፍጮው እሱንም ሦስት ጊዜ አጠፋብኝ።

በመጨረሻ ራዲዮ ጠጋኙ ዲኖ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ፈታው። "እሱስ ደህና ነው። የደከመው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ነው" አለኝ። ከአዲስ አበባ ሁለት አስመጣ፤ አንዱ አዲስና የሚያብለጨልጭ፣ ሌላው ያገለገለና እንደ ድንጋይ የሚከብድ።

"የትኛው ይሻላል?" አልኩት።

"እኔን አትጠይቂኝ" አለና የሚያብለጨልጨውን ገጥሞ በአጥሩ ላይ ተጣራ። "አዴ ሞሚና! እባክዎ ወፍጮውን ያስነሱልን!"

ገና ማጓራት ሲጀምር ስክሪኑ ጠፋ። ዲኖ ወፍጮውን አስቁሞ ከባዱን ገጠመ። አዴ ሞሚና እንደገና አስነሱ። መብራቱ ደበዘዘ። ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ዲኖ። እኔም እፎይ አልኩ።

ወዲያው ያን የክስ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። "ወፍጮው ኮምፒዩተሩን እያጠፋ ሥራ አስፈትቶኛል" ይላል። ወፍጮው እያጓራ ደግሜ አነበብኩት።

በአራተኛው ጊዜ ደብዳቤውን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።