ቀላሉ ጄት ስኪ

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በሥራው እጁ የተባረከ ነው፤ እሱን ያቃተው ፍሪጅ እስካሁን አላየሁም። ችግሩ አንድ ነገር ከጀመረ "በቃ፣ አለቀ" የሚል ቃል ከአፉ አለመውጣቱ ነው። የበር እጀታ ብሎን እንኳ ሲያጠብቅ ቆም ብሎ ያየዋል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ያጠብቀዋል። አባቴ ለባሌ "ግራም" ብሎ ስም ያወጣለት ጄት ስኪ የሚባለውን የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል መሥራት ከጀመረ በኋላ ቢሆንም፣ ስሙስ አብሮት የተወለደ ነው የሚመስለው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዋና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከእኛ ጋር ይኖራል። በከተማችን ሐይቅ ላይ ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ ከሰው ሁሉ በፊት የነዳው እሱ ነው። መቀመጫ የሚባል ነገር የለውም። ከኋላው ባለው የእግር ቦታ ላይ ቆመህ፣ ረጅሙን እጀታ ይዘህ፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ ነው የምትሄደው። ባለ መቀመጫውን የሚነዱትን ሲያይ "እነዚህ ደግሞ ሶፋቸውን ይዘው ወጡ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ትከሻው ከታመመ ወዲህ ግን ያንን ከባድ አሮጌ ጄት ስኪ ከአሸዋው ወደ ውሃው መጎተት አቃተው። ሰው ጥራና ያግዝህ ስንለው ይቆጣል። "ዋና ያስተማርኳቸው ሰዎች ጎትተው ውሃ ውስጥ ይክተቱኝ? አላደርገውም!" በዚሁ ጄት ስኪው ግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሶ ቀረ።

ከዚያ መራመድ ሲከብደው ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሙ እኔንና ባሌን ኮሪደሩ ላይ ነጥሎ አነጋገረን። የአባቴ የእግር ነርቭ እየደከመ ነው፤ ነገ ምርኩዝ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ባለ ጎማ ወንበር ይመጣል አለን። "የሚወደው ነገር ካለ አሁን ያድርገው" አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ መሪውን እንደያዘ "ብቻቸውን ጎትተው ውሃ ውስጥ የሚከቱት እሠራላቸዋለሁ" አለኝ። "ከካርቦን ፋይበር፣ ጠንካራም ቀላልም ነው። ሞተሩን ከአሮጌው አወጣዋለሁ።" በትዳራችን ውስጥ እንደዚያን ቀን የወደድኩት ጊዜ የለም። 

ጋራዡ አቧራ ስለሆነ የመመገቢያ ክፍላችንን ወረሰው። የአሮጌውን ጄት ስኪ አካል ደጋግሞ ሰም ቀብቶ ቅርጹን የያዘ ማውጫ ሠራ፤ በዚያ ማውጫ ውስጥ ጥቁሩን የካርቦን ጨርቅ እየደረበ ሬዚን ይቀባዋል። ሬዚን ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ፈሳሽ ነው። ከላይ ፕላስቲክ ያለብሰውና ዙሪያውን አሽጎ፣ ከፍሪጅ ቧንቧ አየር የሚመጥጥበትን ፓምፕ ይሰካበታል። አየሩ ሲወጣ ፕላስቲኩ እንደ ቆዳ ይጣበቃል፣ ትርፉ ሬዚንም ተጨምቆ ይወጣል። ትርፍ ሬዚን ማለት ትርፍ ክብደት ነው፣ አንድ ግራምም ብትሆን፤ ይህን አንድ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን እንበላለን። አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ ያንን ፕላስቲክ የለበሰ ረጅም ጥቁር ነገር ጠረጴዛችን ላይ ብታየው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለችኝ። አባቴ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ።

የመጀመሪያው አካል አማረ። አባቴ የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ መጣ። የሶፋ ትራስ ደርድረን አካሉን ከላይ አስቀመጥንለት። ወጣበት። እግሮቹን አስተካክሎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ እጀታውን ያዘና በአፉ እንደ ሞተር ማጓራት ጀመረ። በስተግራ ተጋደለ፣ በስተቀኝ ተጋደለ፤ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

"ይሄ ይበቃኛል" አለ ሲወርድ። "ሞተሩን ክተትና እንሂድ።"

ባሌ ግን የሠራውን ሚዛን ላይ አወጣው። ፊቱ ጠቆረ። የጄት ስኪው አፍንጫ ጋ ሬዚን ተጠራቅሟል፣ ከብዷል፣ ለአባባ እንዲህ ያለ ነገር አልሰጥም አለ። ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ግራይንደር፣ የብረት መቁረጫው፣ ይጮኻል። የት ቦታ እንደተሳሳተ ውስጡን ለማየት ያንን ውብ ነገር እየቆራረጠው ነው።

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ? ይበቃኛል ብሎህ የለ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ቀላል መሥራት ቀላል አይደለም" አለኝ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ። ቀልድ መሆኑ ነው።

አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር።  በማግስቱ ባሌ ሥራ ሲሄድ እሱ ከቁርጥራጩ መሃል የቆመበትን የእግር ቦታ አወጣ፤ ሁለት እግር ብቻ የሚያስቆም ቁራጭ ነው። ስለቱ እንዳይቆርጠው ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተተው። "ምን ሊሆንልህ ነው?" ስለው "ዝም በይ፣ ለእግሬ ነው" አለኝ።

ሁለተኛው አካል በፕላስቲክ መጠቅለያው ቀዳዳ አየር ገባበትና በአረፋ ተሞላ። ሦስተኛው ላይ ብርዱ ደረሰብን፤ ሬዚን ደግሞ ብርድ አይወድም፣ አልደርቅ ይላል። ባሌ ማሞቂያውን እሱ ላይ አዞረው፣ የአልጋችንን ብርድ ልብስ አለበሰው፤ እኛ በካፖርት እየተኛን ጄት ስኪው ይሞቀዋል። ስነጫነጭ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አባቴ መጀመሪያ ምርኩዝ ያዘ፣ ከዚያ ምርኩዝም ግድግዳም ይዞ መሄድ ጀመረ። በመመገቢያ ክፍሉ በር ሲያልፍ ብቅ እያለ "ግራም፣ ሐይቁ ሳይደርቅ ትጨርሳለህ?" ይለዋል።

"ትንሽ ብቻ አባባ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።"

"ኧረ እኔስ እታገሳለሁ" ይላል አባቴ፣ እግሩን እያየ።

አንድ ቀን ልብሱን ላስቀምጥለት በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ቁራጯን መሬት ላይ አድርጎ፣ ቁም ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን አጥፎ ቆሟል። ዓይኑ ተከድኗል፤ በስተግራ ትንሽ፣ በስተቀኝ ትንሽ ይጋደላል።  ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቀናት ሲያልፉ ያንንም መቆም ተወው፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ብቻ ያሳርፍባታል።

ሦስተኛው ተሳካ። እውነት ለመናገር ተአምር ነበር፤ ባዶውን አካል እኔ ብቻዬን ከመሬት አነሳሁት። ባሌ ሚዛኑን አይቶ አለቀሰ። ሞተሩን ገጥሞ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ብርዱ አልፎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አባቴን ደግፈን አሸዋው ላይ ወንበር ዘረጋንለት። ሕይወት አድን ጃኬቱን ግን ለብሶት ነበር የመጣው። 

"ይውጡበት አባባ፣ እኔ ከኋላ እይዝዎታለሁ" አለ ባሌ። 

"አንተ ውጣበት። እኔ አስተምርሃለሁ።"

ባሌ በሕይወቱ ጄት ስኪ ነድቶ አያውቅም። ብቻውን በአሸዋው ላይ ጎትቶ፣ ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ ያለውን አድርጎታል፣ ቃሉን ጠብቋል። ሲወጣበት ግን ያ ቀላል ነገር ከሥሩ ተሽከረከረበት። ወደቀ። ወጣ፣ ወደቀ። "ጉልበትህን እጠፍ! ሩቅ እይ፣ እግርህን አትይ!" እያለ አባቴ በዚያ በዋና አስተማሪ ድምፁ ይጮኻል። በመጨረሻ ቆመና ጥቂት ሄደ፤ አባቴ አጨበጨበ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ መለሰና ወደኔ ዘንበል አለ።

"ይሄማ በደህናው እግሬም ይጥለኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ያ የመጀመሪያው እንዲህ አይወላገድም ነበር። ክብደቱ ይይዘኝ ነበር። እንዳትነግሪው።"

ባሌ ውሃ እየተንጠባጠበ መጣና "ምን አሉ?" አለኝ።

"በጣም ቀላል ነው አለ" አልኩት። ደስ አለው። እንደዚያን ጊዜ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ቤት ስንደርስ አባቴን አልጋው ላይ ያስቀመጠው ባሌ ነበር። ሁልጊዜ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ የቀረውን ፎጣ ላመጣ ወጥቼ ዘገየሁ። ስመለስ ባሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። የአባቴ ባዶ እግሮች ቁራጯ ላይ ናቸው። ባሌ አውራ ጣቱን በፕላስተሩ ላይ፣ ግራይንደሩ በቆረጠው መስመር ላይ ያስኬዳል።

"ይህን ከየት አመጡት?"

"ከጣልከው ውስጥ።"

 የባሌ ፀጉር ገና አልደረቀም፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

"ከባድ ነበር እኮ፣ አባባ" አለ።

"አዎ" አለ አባቴ፣ እጁን በባሌ ራስ ላይ አድርጎ። "ደስ የሚል ክብደት ነበረው።"