የወህኒው ግድግዳ ሁለት ቃል

ድንጋይ የማይናገር፣ ግንብም የማይመሰክር የሚመስለው ሰው ብፁዕ ነው፤ ልቡ ከሥጋት፣ ዐይኑም ከዕንባ ያርፋልና። ዳሩ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የግፍ ቤት ግንብ ጌቶቹ ቢሞቱም፣ ቍልፉ ቢዝግም፣ የተቀበለውን አደራ አይክድም።

መሐንዲስ ላእከ ማርያም ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። አባቱ መምህር ወልደ ሐና በመስከረም ታስሮ ሳይመለስ የቀረበት አሮጌ ወህኒ የኪነ ጥበብና የባህል ማእከል ይሁን በተባለ ጊዜ ንድፉ ለእርሱ ተሰጠው፤ ክፍሎቹንም ሲለካ በሦስተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከልጅነቱ በሚያውቀው የአባቱ የእጅ ጽሑፍ፣ በሚስማር የተጫረ «ገና ነው» የሚል ቃል አገኘ። ልቡ በሐሤት ተመላ። «አባቴ የልደትን በዓል አይቷል፤ በእስር ሳለ እንኳ ደስ ብሎት ነበር» ብሎ ለእናቱ ለወይዘሮ አመተ ጽዮን ነገራት፤ እርሷም ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታዋ የደስታ መስሎት ክፍሉን የመዝሙር ቤት አድርጎ ነደፈው፤ በንድፉም ላይ «የገና አዳራሽ» ብሎ ጻፈበት።

የቀድሞ እስረኞች ንድፉን አይተው ይመክሩበት ዘንድ በተጠሩበት ዕለት ግን፣ ከአባቱ ጋር በዚያው ክፍል የታሰሩት አረጋዊው መሪጌታ ዘውገ ጽሑፉን በጣታቸው ዳስሰው አዘኑ።

«ልጄ፣ አጥብቀህ አነበብኸው። ላልቶ ነው የሚነበበው፤ በዓል አይደለም፣ ተራዬ አልደረሰም ማለት ነው። አባትህ ከድብደባው የተነሣ ድምፁ ጠፍቶ ነበርና፣ ለሞት የሚወሰዱትን ስም የሚጠራው በመጣ ቍጥር እኛን ሊያጽናና ይህን በጣቱ ያመለክት ነበር። በመጨረሻው ማለዳ ግን ጣቱን አላነሣም።»

መሐንዲሱ ንድፉን ጠቅልሎ ወጣ። ይህን ለእናቱ እንዴት ይንገራት? በሳምንቱ ሥራውን ልታይ መጥታ በግድግዳው ፊት ቆመችና «አንብብልኝ» አለችው። እርሱም ሊያዝንላት ወዶ፣ አጥብቆ «ገና ነው» አላት።

«ተው ልጄ፣» አለች። «በኅዳር ‘ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ’ ብለው ከነምግቡ ከደጅ መልሰውኛል። በዓሉን አላየም። ደስታህን እንዳልነጥቅህ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። አሁን አላልተህ አንብብልኝ።»

አላልቶ አነበበላት፤ ሁለቱም አለቀሱ። በማግስቱም የአዳራሹን ስም ከንድፉ ፋቀ፤ ያ ግድግዳ ኖራ እንዳይነካውም አዘዘ፤ ፍቅር ያጠበቀውን ቃል፣ እውነት አላልታ ልታነበው ትጠብቃለችና።